የማክሰኞ ምሳ

 

በዚህ ወር ላወጋችሁ ያሰብሁት ስለ ምሳ ነው። የሰርግ ወይም የዒድ ምሳ አይደለም፤ ሠራተኛ ሰው በሥራ ቀን፣ በአንዲት ሰዓት እረፍት ውስጥ፣ ሆቴል ገብቶ የሚበላት ምሳ ናት። «ኡስታዝ ደግሞ ለሆቴል ወሬ ምን ቤት ነው?» የሚል አይጠፋም። ልጁን አስተምሮ፣ አስመርቆ፣ ሥራ ያስያዘ ወላጅ ግን ነገሩን ሲሰማ ከራሱ ቤት ብዙም እንደማይርቅ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን «ሆቴል» ስንል አልጋ የሚከራይበትን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ ሆቴል ነው። የቀደሙት አባቶቻችን ከቤት ውጪ ገዝቶ መብላትን ይነውሩት ነበር። አጤ ምኒልክ በአዲስ አበባ ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ ሰው ሁሉ መግባቱን ስለ ነወረው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው ምሳ በልተው ሒሳብ እንደ ከፈሉ ይተረካል። ዛሬ ያ ነውር ቀርቷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ እረፍት ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው በዚህች ሰዓት ውስጥ ሄዶ፣ በልቶ፣ ተመልሶ አይደርስም። ምሳ ዕቃ የሚይዝ አለ፤ ብዙው ግን ከባልደረቦቹ ጋር ተያይዞ ይወጣል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? እንደምታውቁት ገበታችን የጋራ ነው። አራት አምስት ሆነው የገቡ ባልደረቦች አንድ ትሪ ያዝዛሉ፤ እንጀራው ይነጠፋል፣ ወጡና ጥብሱ ከላይ ይወርዳል፣ ሁሉም ከየፊቱ ይቆርሳል። በዚህም አያበቃም፤ ጉርሻ አለ። ባልደረባህ ጠቅልሎ ወደ አፍህ የዘረጋውን ጉርሻ እንቢ ማለት ፊቱን እንደ መምታት ይቆጠራል። እንግዲህ ሥጋው የሙስሊም እርድ ካልሆነ፣ ሙስሊሙ የሚለየው ከአንድ ወጥ ሳይሆን ከገበታው ነው።

ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም ያርዳል፤ ሙስሊሙ የአላህን ስም ጠርቶ ያርዳል፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሥጋ ቤቶች እንኳ በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ሥለው ማንነታቸውን ይናገራሉ። በሱረቱል ማኢዳ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የወረደውን አንቀጽ እያነሳ የሚከራከር ወጣት አጋጥሞኛል። ይህ የዑለማዎቻችን ጉዳይ ስለሆነ ለእነርሱ እተወዋለሁ፤ የአገራችን ሙስሊም ይዞት የኖረው መንገድ ግን መታቀብ ነው፤ ክርስቲያኑም በበኩሉ እንዲሁ። (የሱራዋ ስም ራሱ «ገበታ» ማለት መሆኑን ልብ በሉ።)

በእኛ በወሎ ይህ ጉዳይ ሰውን ሲያጣላ አላየሁም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ወይም በሬውን ከነነፍሱ ለይቶ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም አርደው፣ ሠርተው፣ በአንድ ግቢ አብረው ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም የሚደብቀው ነገር የለም። ሆቴል ግን ጎረቤት የለውም። እዚያ የገባ ሰው ማንነቱን ራሱ ካልተናገረ የሚናገርለት የለም።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልውሰዳችሁ። ይህችን ልጅ ቁርኣን ያስቀራኋት እኔ ነኝ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ጨርሳ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። በሥራ ቀናት እዚያው በተከራየችው ክፍል ታድራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ወደ ደሴ ወደ እናቷ ትመጣለች። ባልደረቦቿ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ክርስቲያን ናቸው፤ እንደ ነገረችኝም መልካም ሰዎች ናቸው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተያይዘው ወደ አንድ ሆቴል ይሄዳሉ።

ልጅቱ ግን «ይህን ሥጋ አልበላም» ብላ መናገር አፈረች። አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ በዕድሜም ታናሻቸው ናት። ስለዚህ ሳምንቱን እንዲህ አድርጋ ከፈለችው። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኖቹ ስለሚጾሙ ትሪው ላይ የሚወርደው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ነው፤ እነዚህን ሁለት ቀናት ከሁሉም ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች። ሰኞና ሐሙስ «ጾመኛ ነኝ» ትላለች፤ ሰኞና ሐሙስን መጾም ሱና መሆኑን ክርስቲያን ባልደረቦቿም ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ያውቁታልና የሚጠራጠራት የለም። ማክሰኞ ቀረች። ማክሰኞን ምን ታድርጋት? ማክሰኞ «ሆዴን አሞኛል» ትላለች።

በመጀመሪያ «ጾመኛ ነኝ» ትልና ተደብቃ ብስኩት ትበላ ነበር። ቆይታ ግን ውሸቱ ከበዳት። ከበዳትና ምን አደረገች? ቃሏን እውነት ለማድረግ በርግጥም ሰኞና ሐሙስን መጾም ጀመረች።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዷን ደግሞ የካቲት 22 ተከተለው። ያ ወቅት ለእርሷ እፎይታ ነበር፤ ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዒድ ካለፈም በኋላ ሁዳዴው ገና ስላላለቀ በየቀኑ የጾም ምግብ ነበር። ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሲሆን ግን ነገሩ ተበላሸ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብን አይጾሙም። ሆቴሉ የጾም ወጡን አነሳ፤ ትሪው አምስቱንም ቀን ሥጋ ሆነ። የልጅቱ ሳምንት ከአምስት ቀን አራቱ ጾም፣ አንዱ ሕመም ሆነ ማለት ነው። እናቷ መክሳቷን አይታ ደነገጠችና ወደ እኔ ላከቻት።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዘርዝራ ከነገረችኝ በኋላ ጥያቄዋ ስለ ምሳው አልነበረም። «ሰኞና ሐሙስ የምጾመው ለአላህ ነው ወይስ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች? ጾሜ ይቆጠርልኛል ወይ?» ነበር ያለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። የውዱእ፣ የሐይድ፣ የውርስ ጥያቄ መልሱ በኪታብ ይገኛል። የዚህች ልጅ ጥያቄ ግን ልቧ ውስጥ ያለውን መዝኑልኝ ነው። የሥራ ሁሉ ሚዛን ኒያ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል፤ ኒያን የሚያየው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። እንዲህ አልኋት፦ «ሱሑር በልተሽ፣ ነይተሽ፣ እስከ መግሪብ የጾምሽው ከጌታሽ ዘንድ ነው፤ እኔ አልመዝነውም፤ አንቺም አትጣይው። ‹ሆዴን አሞኛል› የምትዪውን ግን እኔም መመዘን እችላለሁ። እርሱን ተይው። ማክሰኞ ምሳ ከአንቺ ጋር እበላለሁ።»

«ሆቴል?» አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ።

«አዎን ሆቴል።»

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱን ከላይ ትተን ወደ ሙቀቱ ወረድን። እኔ ሆቴሉ የደረስሁት ሰው ሳይበዛ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አስተናጋጁ ወጣት ነው። «ሥጋችሁ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሐላል ነው፣ ሐላል ነው» አለኝ ጠረጴዛውን እየወለወለ። ማን እንዳረደው፣ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚመጣ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። «ሐላል» የሚለው ቃል ዛሬ በየሜኑው ተጽፏል፤ ፈጥኖ የሚነገር ቃል ስለሆነ ብቻ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው የአራጁና የሥጋ ቤቱ ማንነት ሲታወቅ ነው። ሥጋ አለመኖሩም ቢሆን በስሙ ብቻ አይታወቅም። ቦዘና ሽሮ ሽሮ ቢባልም ሥጋ አለው። ፍርፍሩ ቋንጣ ሊኖርበት ይችላል። ዓሣ እርድ አያሻውም፤ ነገር ግን ጥብስ በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ ምን ዋጋ አለው?

ወጥ ቤቷን እንዲጠራልኝ ለመንሁት። መካከለኛ ዕድሜ ያላቸው፣ አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩ ሴት እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ጥያቄዬን ደገምሁላቸው። «የለም ሼኽ፣ ሥጋው ለእርስዎ አይሆንም፤ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው የምናመጣው» አሉኝ በግልጽ። ቀጥለውም ለሙስሊም ደንበኞች ብለው የለዩት መጥበሻና ድስት እንዳላቸው፣ የሐይቅ ዓሣ ዛሬ መግባቱን፣ ሽሮውንም በዘይት ብቻ ሊሠሩልኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። አስተናጋጁን ገላመጡት። ከዚያ ያሉኝን አልረሳውም፦ «የሚጠይቀኝን ሰው እወዳለሁ። ዝም ብሎ በልቶ የሚሄደው ነው የሚያስፈራኝ፤ በኋላ የሰማ እንደሆነ የሚረግመው እኔን ነው።»

ስድስት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ልጅቱ ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ገባች። አምስተኛው ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነበር። አጎቷ መሆኔን ስትነግራቸው ሁሉም ተነሥተው ሰላምታ ሰጡኝ። እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። ትእዛዝ ሲወሰድ ልጅቱ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ አየሁ። መናገር ያለባት እርሷ ናት ብዬ ነው። ጥቂት ዝም አለችና «እኔ የክርስቲያን ሥጋ አልበላም፤ ለእኔና ለአጎቴ ዓሣና ሽሮ ለብቻ ይምጣልን» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር፤ ቢሆንም ተሰማ።

ከባልደረቦቹ መካከል ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ የክፍሉ ኃላፊ የሆኑ ሴት አሉ። «ታዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያምሽ ሆድ ይኼ ነው?» አሏት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «ልጄ፣ እኔ'ኮ ያደግሁት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው። በልጅነቴ የእነርሱን ሥጋ እንዳልበላ እናቴ ሳትሆን ጎረቤታችን ነበሩ የሚጠብቁኝ። ምነው ዝም አልሽ? እኔ ደመወዝሽ አልበቃሽ ብሎ ምሳ የምትዘዪ መስሎኝ፣ ብድር እንዲሰጥሽ ላመለክትልሽ ነበር።» አንደኛው ወጣት ደግሞ ሳይደብቅ «እኔ እንኳ ከእኛ ጋር መብላት ንቃ ነው እያልሁ ሳማት ነበር» አለ። በዚህ ሁሉም ሳቁ፤ ልጅቱ ግን አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። በአክብሮት የተዋጠ ዝምታ በሌላው ዓይን ንቀት ሆኖ ሲታይ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ያው ወጣት ቢራ ሊያዝ አፉን ከፈተና እኔን ሲያይ አምቦ ውሃ አዘዘ። እኔን አክብሮ ይሁን ኪሱን ፈርቶ አላህ ያውቃል። አስካሪ መጠጥ በሚዞርበት ገበታ መቀመጥን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋልና ያዝዝ ቢሆን ኖሮ እኔና ልጅቱ ትሪያችንን ይዘን ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ልንዞር አስቤ ነበር፤ ከሠራተኛ ጋር ምሳ የሚወጣ ሙስሊም ይህንንም አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሁለት ትሪ መጣ። ለእነርሱ ጥብስ፣ ለእኛ ዓሣና ሽሮ። ኃላፊዋ ሴትዮ ትንሽ አሰቡና ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። «ዓሣ ይሻለኛል፤ ጥብሱን ልጆቹ ይጨርሱት» ብለው ከእኛ ትሪ መቁረስ ጀመሩ። ጥብስ እንዳልነኩ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ከዓሣው አጥንቱን ለቅመው፣ በሽሮ አጥቅሰው፣ ለልጅቱ ጉርሻ ዘረጉላት። ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ስምንት ወር ሙሉ ስትሸሸው የኖረችው ጉርሻ ነው።

ዙህር በኮምቦልቻ ከስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አካባቢ ጀምሮ ስለሚገባ ከምሳ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ወቅቱ እስከ ዐስር ሰፊ በመሆኑ ግን መጨናነቅ የለበትም፤ ልጅቱ ከምሳ ተመልሳ በሚተርፋት ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ አንድ ጥግ ትሰግዳለች። ሒሳቡን እኔ ልከፍል ስል ኃላፊዋ እጄን ያዙ፤ እንደ አገራችን ወግ ትንሽ ተጓተትንና በመጨረሻ እርሳቸው አሸነፉ።

ይህን የምነግራችሁ ሁሉም ሆቴል እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ጥያቄውን እንደ ስድብ የሚቆጥር ባለቤት አለ፤ እንዲህ ያለውን አመስግኖ መውጣት ነው። በጠያቂውም በኩል ቢሆን ጥፋት አለ። አፍንጫውን ነፍቶ፣ ሰሐኑን በጣቱ እየገፋ፣ «ይህ የእናንተ ነው» እያለ የሚጠይቅ ሙስሊም አይቻለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት በሐዲስ ተዘግቧል። ሥጋውን ያልበላነው ሃይማኖታችን ስላልፈቀደልን ነው፤ ወጥ ቤቷ ስላልታጠበች አይደለም። ይህን ልዩነት በድምፃችን ማሳየት ይገባናል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በመድረሳዬ ከፍ ያሉትን ልጆች አንድ ነገር አለማምዳለሁ። አንዱ አስተናጋጅ፣ አንዱ ደንበኛ፣ አንዷ ወጥ ቤት ይሆኑና ይጠያየቃሉ። በጣም ይስቃሉ፤ አስተናጋጅ የሚሆነው ልጅ ሁልጊዜ «አልቋል» ነው የሚለው። ሐላልና ሐራምን በቃላቸው ያውቁታል፤ «ይቅርታ፣ ይህን አልበላም፤ ምን አላችሁ?» የምትለዋን አጭር ዐረፍተ ነገር ግን ያለ ሐፍረት ለመናገር ሦስት አራት ጊዜ ይወድቃሉ። እናንተም በቤታችሁ ሞክሩት። በተለይ ሴት ልጆቻችሁን።

እህቴ በበኩሏ ልጇን ስላበሉላት ሴትዮ ስትሰማ ዝም አላለችም። የዐረፋ ዒድ ግንቦት 29 ቀን ዓርብ ዋለ፤ ኃላፊዋን ደሴ ድረስ ጠራቻቸው። ሃምሳው ቀን ገና ስላላለቀ ዓርብ ቢሆንም ሥጋ ይበላሉ፤ የእኛን እርድ ግን አይበሉም። ስለዚህ እህቴ በዋዜማው አንዲት ዶሮ ከነነፍሷ ወደ ክርስቲያን ጎረቤቷ ወሰደች። ባልየው አረዱላት፤ ሚስትየው በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ቤት ሠሩላት። በበዓሉ ቀን ድስቱ በጨርቅ ተሸፍኖ አጥር ተሻግሮ መጣ።

ኃላፊዋ ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዶሮው ፊታቸው ሲቀርብ ከመቁረሳቸው በፊት ቀና አሉና እህቴን «የማን እጅ ነው ያረደው?» ብለው ጠየቋት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ከሁሉ ጮክ ብላ የሳቀችው ልጅቱ ነበረች። እህቴ የጎረቤቷን ስም ነገረቻቸው። አማተቡና ቆረሱ።